ሳይሮጡ የታጠቁት

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ናይሮቢ በምኖርበት ሕንጻ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ በሬ በኃይል ተንኳኳ። በቀዳዳው አጮልቄ ሳይ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቅ ወጣት ቆሟል። ጫማ አላደረገም፤ ትንፋሹ ይቆራረጣል፤ በፈጣን ስዋሂሊ ስለ መኪናና ስለ ሆስፒታል ይናገራል። የኔ ስዋሂሊ የገበያ ስዋሂሊ ነውና ግማሹን አልተረዳሁትም። መኪናዬ ግቢው ውስጥ ቆማለች፤ ቁልፏ ከበሩ አጠገብ ተሰቅሏል። ለመወሰን የፈጀብኝ ጊዜ ከአምስት ሰከንድ አይበልጥም። ቀልቤ አልወደደውም። በሩን ሳልከፍት «መኪና የለኝም» አልኩና ተመልሼ ተኛሁ።

ሲነጋ ዘበኛው ነገሩን አጫወተኝ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከሚኖሩት ቤተሰቦች አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ምጥ ይዟት ነበር። ወጣቱ በዚያ ሳምንት ከገጠር የመጣ ወንድሟ ነው። ከኔ በር ተነሥቶ ወደ ሌላ በር ሄደ፤ እዚያ ተከፈተለት። እናትም ሕፃንም ደኅና ነበሩ። ከሳምንታት በኋላ ቤተሰቡ ጎረቤቱን ሁሉ ሲጋብዝ እኔም ተጠራሁ። ሻይ የቀዳልኝ ያው ወጣት ነበር። ድምፄን ለይቶት እንደሆነ አላወቅሁም፤ አልጠየቅሁትምም።

ማንም አልተጎዳም። ሆኖም ያቺ አምስት ሰከንድ ከኅሊናዬ አልወጣችም። ለመሆኑ በአምስት ሰከንድ ውስጥ ለተወሰነ ነገር ሰው ተጠያቂ ይሆናልን? ጥያቄውን ለወዳጆቼ ባነሣሁ ጊዜ ሁለት ዓይነት መጽናኛ አገኘሁ። አንደኛው «ጊዜ አልነበረህም፤ በድንጋጤ ለተደረገ ነገር ማን ይጠየቃል?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ቀልብህን መስማትህ ልክ ነው፤ የመጀመሪያ ስሜት አይዋሽም» የሚል ነው። ሁለቱም በፍቅር የተነገሩ ናቸው። ነገሩን ባሰብሁበት ቁጥር ግን ሁለቱም ስህተት መሆናቸው እየታየኝ መጣ።

አማርኛችን በዚህ ጉዳይ ላይ ከምንገምተው በላይ ጠንቃቃ ነው። እባብ መሳይ ነገር ስንረግጥ እግራችንን የምናነሣው «በደመ ነፍስ» ነው። ደመ ነፍስ ከእንስሳት ጋር የምንጋራው፣ ሕይወትን ለማትረፍ ብቻ የቆመ ኃይል ነው። «ቀልቤ አልወደደውም» ስንል ግን ሌላ ነገር ማለታችን ነው። ቀልብ በዐረብኛ ልብ ማለት ነው፤ እኛም ዘንድ ያያል፣ ይመዝናል፣ ይፈርዳል፤ የፍርዱን ምክንያት ግን አይናገርም። ቀልብ ይሳባል፣ ይገፈፋል፣ ይበተናል፣ ይሰበሰባል እንላለን። የሚበተንና የሚሰበሰብ ነገር እንግዲህ ተፈጥሮ አንድ ጊዜ ሰጥታ የተወችው ነገር አይደለም፤ ሊያዝ፣ ሊገራ፣ ሊሠለጥን የሚችል ነው። ጥያቄው በምን ይሠለጥናል የሚለው ነው።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጋሪ ክላይን የእሳት አደጋ አዛዦች በጥድፊያ መካከል እንዴት እንደሚወስኑ ለረጅም ጊዜ ያጠና ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተመው መጽሐፍ ካሰፈራቸው ታሪኮች አንዱ የአንድ ሻለቃ ሳይሆን የአንድ ተራ የቡድን መሪ ታሪክ ነው። መሪው ሰዎቹን ይዞ ማድቤቱ ወደ ተቃጠለ ቤት ይገባል። ሳሎኑ ውስጥ ቆመው ውሃ ቢረጩም እሳቱ እንደሚገባው አልበረደም። በዚህ ጊዜ መሪው አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ይሰማውና «ውጡ!» ብሎ ያዛል። እንደወጡ ቆመውበት የነበረው ወለል ተደርምሶ ወረደ። ዋናው እሳት ከሥራቸው፣ ከምድር ቤቱ ውስጥ ኖሯል። መሪው ግን ምድር ቤት መኖሩን እንኳ አያውቅም ነበር፤ ያዳነን ስድስተኛው ስሜቴ ነው ብሎ ያምን ነበር።

ክላይን ሰውየውን ደጋግሞ ሲጠይቀው ግን ምስጢሩ ተፈታ። ለአንዲት የማድቤት ቃጠሎ ሳሎኑ ከልክ በላይ ሞቋል፤ ለዚያን ያህል ሙቀት ደግሞ እሳቱ ከልክ በላይ ዝም ብሏል። ወለሉ ድምፁን አፍኖት ነበርና። መሪው ይህን ሁሉ በቃል አላሰበውም። ከብዙ ቃጠሎ የተማረው ሰውነቱ ግን የሚጠብቀውንና የሚያየውን አስተያይቶ፣ አልገጥምም ሲለው አስጠነቀቀው። ቀልቡ ያወቀው አዲስ ነገር የለም፤ የቀድሞውን አስታወሰ እንጂ።

በቼዝ ተጫዋቾች ላይ የተደረገ ጥናትም ወደዚሁ ያመራል። ዊልያም ቼዝና ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ሥራ፣ ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ ሰሌዳ ለአምስት ሰከንድ ያህል ብቻ ታይቶ ሲሸፈን ሊቃውንቱ የጠጠሮቹን ቦታ በብዛት አስታውሰው መልሰው ይደረድራሉ፤ ጀማሪዎች ግን ጥቂቱን ብቻ ይይዛሉ። ጠጠሮቹ ያለ ሥርዓት ተበትነው ሲቀርቡ ግን የሊቃውንቱ ብልጫ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ዐይናቸው ከሌላው ሰው ዐይን የተሻለ አይደለም ማለት ነው። የተሻለው በሺህ ጨዋታ ያጠራቀሙት ትዝታ ነው፤ ትዝታቸውም የሚሠራው ከሚያውቁት ዓለም ውስጥ ሳሉ ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ ወዳጄ «ቀልብህን ስማ» ማለቱ ትክክል ይመስላል። ነገር ግን ሌላ ታሪክ አለ። በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 የኖቤል ሽልማት ያገኘውና በ2024 ያረፈው ዳንኤል ካህነማን፣ ገና በ1950ዎቹ ወጣት ሳለ በእስራኤል ጦር ውስጥ ለመኮንንነት የሚሆኑ ምልምሎችን ይመዝን ነበር። ምልምሎቹ አለቃ ሳይሰየምላቸው አንድ ግንድ ተሸክመው ግንብ እንዲሻገሩ ይታዘዛሉ። መዛኞቹ ማን መሪ፣ ማን ፈሪ፣ ማን ግትር እንደሆነ ቁልጭ ብሎ ይታያቸዋል፤ ቅንጣት ጥርጣሬ አልነበራቸውም። ይሁን እንጂ ከመኮንኖች ትምህርት ቤት የምልምሎቹ ውጤት ተመልሶ ሲመጣ፣ ትንበያቸው በጭፍን ከመገመት ብዙም የማይሻል ሆኖ ተገኘ። ካህነማንን ይበልጥ የገረመው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። መሳሳታቸውን ካወቁ በኋላም በማግስቱ ሌላ ቡድን ግንድ ተሸክሞ ሲመጣ፣ ያው እርግጠኝነት እንዳለ ተመልሶ መጣ።

የእሳት አደጋው መሪ ቀልብና የወጣቱ ካህነማን ቀልብ ከውስጥ ሲሰሙ ልዩነት የላቸውም። ሁለቱም «አውቃለሁ» ይላሉ። አንደኛው ሕይወት አዳነ፤ ሁለተኛው ሰውን በከንቱ ፈረጀ። ስለዚህ የስሜቱ ጥንካሬ የእውነቱ ምስክር ሊሆን አይችልም። ታዲያ ማንኛውን እንመን? ክላይንና ካህነማን፣ አንዱ የቀልብ ጠበቃ፣ ሌላው የቀልብ ከሳሽ ሆነው ሲከራከሩ ከኖሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ ጽሑፍ በጋራ አወጡ። ከተስማሙባቸው ነገሮች ዋነኛው ይህ ነው፦ ቀልብ የሚታመነው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ ነገሩ ራሱ ሥርዓት ያለው፣ ምልክቱ ከውጤቱ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ሰውየው ያንን ሥርዓት በረጅም ልምምድ የተማረ፣ ሲሳሳትም ስህተቱ ሳይዘገይ የተነገረው መሆን አለበት።

የቡና ቀማሽን እናስብ። ዕለት በዕለት ይቀምሳል፤ የሰጠውን ነጥብ ባልደረቦቹ ከሰጡት ጋር ያስተያያል፤ የተሳሳተ እንደሆነ እዚያው ገበታ ላይ ይታወቃል። ምላሱ የሚታመነው ምላስ ስለሆነ አይደለም፤ የታረመ ምላስ ስለሆነ ነው። የአዋላጅ እጅም፣ የእረኛ ዐይንም፣ የረጅም መንገድ ሾፌር ጆሮም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ በሬ ልመለስ። በዚያ ሌሊት የፈረደው የኔ ቀልብ የት ተማረ? ማን አረመው? በቡና ላይ ከሰማሁት የዝርፊያ ወሬ፣ «ሌሊት ለማያውቁት ሰው በር አይከፈትም» ከሚል ምክር፣ አሳፋሪ ቢሆንም ልናዘዘውና፣ ከባዶ እግሩና ካልገባኝ ቋንቋው ተማረ። ዝርፊያ የለም ማለቴ አይደለም፤ ምክሩም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን እኔ ስንት ሰው በር አንኳክቶ ስንቱ ሌባ ሆኖ እንደተገኘ በዐይኔ አይቼ አላውቅም። ልማር የምችልበትም መንገድ አልነበረኝም። ጥርጣሬ ከሌሎች ስሜቶች የሚለይበት አንድ ክፉ ጠባይ አለውና፤ የጠረጠረውን ሰው ስለሚሸሸው፣ መሳሳቱን የሚነግረው አያገኝም። ያልተከፈተ በር ከኋላው ማን ቆሞ እንደነበር አይናገርም። ሰውየው ይሄዳል፤ እኛም «ዳንን» ብለን እንተኛለን፤ ስህተቱ ልምድ ተብሎ ይቆጠራል። ዘበኛው ባይነግረኝ ኖሮ እኔም እስከ ዛሬ ቀልቤን ባመሰገንሁ ነበር።

በባዕድ አገር የምንኖር ሰዎች ይህን ነገር ከሌላው ወገንም እናውቀዋለን። በአነጋገራችን፣ በመልካችን፣ በያዝነው ወረቀት ምክንያት የአንድ ሰው ቀልብ ሳይወደን ቀርቶ፣ ቤት ሳንከራይ፣ ሥራ ሳንቀጠር፣ ከሰልፍ ሳንወጣ የዋልንበት ቀን ጥቂት አይደለም። ያ ሰውም ክፉ ነኝ ብሎ አያስብም። «ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ቀልቤ አልወደደውም» ብሎ በሰላም ይተኛል።

በተቃራኒው ወገን ደግሞ ይህ አካባቢ የማይረሳው አንድ በረራ አለ። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1996) ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቁጥር 961 በረራ በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ቢያስረዱ አልተቀበሏቸውም። ካፒቴኑ ከዚያ ቀን በፊት ሁለት ጊዜ ጠለፋ የደረሰባቸው አብራሪ ነበሩ። ወደ ውቅያኖሱ መሐል በመብረር ፈንታ የአፍሪካን ጠረፍ ይዘው ወደ ደቡብ በረሩ። ጠላፊዎቹ የብስ ማየታቸውን ጠልተው ወደ ምሥራቅ እንዲዞሩ ሲያዝዟቸው፣ ዞረው ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አመሩ። እዚያም ነዳጁ አለቀ፤ ሁለቱ ሞተሮች ተራ በተራ ጠፉ። አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ለማሳረፍ ያሰቡት ሐሳብ በመጨረሻው ሰዓት በአብራሪዎቹ ክፍል በተነሣው ግብግብ ከሸፈ። ተደብድበው ከክፍሉ ተባርረው የነበሩት ረዳት አብራሪ ዮናስ መኩሪያ ተመልሰው አገዟቸው። በቀረው ጥቂት ጊዜ ካፒቴኑ ሞተር የሌለውን አውሮፕላን ሰዎች ከሚዋኙበትና ጀልባ ከሚገኝበት የባሕር ዳርቻ አጠገብ፣ ከየብሱ 500 ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ውሃ ላይ አወረዱት።

የግራው ክንፍ ቀድሞ ውሃውን መታ፤ አውሮፕላኑ ተሰባበረ። ከ175ቱ ተሳፋሪዎችና ሠራተኞች 125ቱ ሞቱ፤ 50 ተረፉ። ከሞቱት አንዱ የ1977ቱን ረሃብ ቀርጾ ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የፎቶና የፊልም ጋዜጠኛ መሐመድ አሚን ነበር። በውጤት ብቻ ለሚመዝን ሰው ይህ ጥፋት ነው። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ግን እንዲህ አይልም። ሁለቱ አብራሪዎች ለዚያች ዕለት ተብሎ የተዘጋጀ መልመጃ አልነበራቸውም፤ የነበራቸው ለዓመታት የተገነባ እጅና ቀልብ ነው። ጊዜ በነበራቸው ሰዓት አሰቡበት፤ ጠረፉን መያዛቸው የዚህ ምልክት ነው። ጊዜ ባለቀ ሰዓት ደግሞ እጃቸው የሚያውቀውን ሠራ። ፋታ ሲኖር ፋታውን መጠቀም፣ ፋታ ሲያልቅ ለልምድ መተው፣ ሁለቱም የአንድ ሥልጠና ፍሬዎች ናቸው።

በዚያው አውሮፕላን ውስጥ የሆነ ሌላ ነገር ደግሞ ልብ ይሰብራል። ከግጭቱ ተርፈው የነበሩ በርካታ መንገደኞች የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን ገና አውሮፕላኑ ውስጥ ሳሉ ነፍተውት ስለነበር፣ ውሃው ሲሞላ ጃኬቱ ወደ ላይ ገፍቶ መውጫ አሳጣቸው። ጃኬቱ የሚነፋው ከበሩ ሲወጡ መሆኑ በየበረራው ይነገራል። በነሱ ቦታ ብንሆን እኛም ያንኑ ባደረግን ነበር፤ ስለዚህ ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም። የሚያስተምረን ግን አለ። መስማትና መልመድ የተለያዩ ናቸው። ጆሮ የሰማውን በጭንቅ ሰዓት እጅ አያውቀውም። እጅ የሚያውቀው ያደረገውን ብቻ ነው፤ የቀረውን ደመ ነፍስ ይወስናል።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ይህንኑ ነው። ተረቱ መሮጥን አይነቅፍም። መታጠቂያው ጊዜ ከሩጫው በፊት ነው ይላል እንጂ። የግሪኩ አርስጣጣሊስም በሥነ ምግባር መጽሐፉ ተመሳሳይ ነገር ተመልክቷል። ቀድሞ የታየን አደጋ ሰው አስልቶና ተዘጋጅቶ ሊጋፈጠው ይችላል፤ ድንገተኛ አደጋ ግን ለስሌት ጊዜ ስለማይሰጥ፣ በዚያ የሚታየው ድፍረት የሰውየው የጠባይ ፍሬ ነው ይላል። ጠባይ ደግሞ ለሱ በድርጊት ብዛት የሚገነባ ነገር ነው።

ይህ እውነት ከሆነ የመጀመሪያው መጽናኛዬ ይፈርሳል። «ጊዜ አልነበረህም» ይባላል። በዚያች አምስት ሰከንድ በርግጥ ጊዜ አልነበረኝም። ከዚያ በፊት ግን ስድስት ዓመት ነበረኝ። ስድስት ዓመት በአንድ ሕንጻ ስኖር ሦስተኛ ፎቅ ማን እንደሚኖር አልጠየቅሁም፤ የዘበኛውን ስልክ አልያዝሁም፤ ስዋሂሊን ከገበያ አላሳለፍሁም። ሌሊት በር ቢንኳኳ ምን አደርጋለሁ ብዬ በቀን አስቤ አላውቅም። ጥፋቴ የተፈጸመው በሩ አጠገብ አይደለም፤ እዚያ የደረሰው ቀድሞ የተዘራው ነው። እናትና ሕፃን መትረፋቸውም ውሳኔዬን አያጸድቀውም፤ የ125 ሰዎች ሞት የካፒቴኑን ውሳኔ እንደማያረክሰው ሁሉ። ውጤት ብዙ እጆች ያሉበት ነው። የኛ ድርሻ ይዘነው የምንቀርበው ዝግጅት ነው።

አንድ ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ሰው ለሁሉም ነገር ሊዘጋጅ ይችላልን? አይችልም። ሁልጊዜ አደጋን እያሰበ የሚኖር ሰውም ኑሮው ኑሮ አይደለም። ነገር ግን ለሁሉም መዘጋጀት አንድ ነገር ነው፤ የየትኛው ጉዳይ ዳኛ ልሆን እንደምችልና የየትኛው እንደማልችል ማወቅ ሌላ ነው። ሾፌሩ በመንገዱ፣ ነርሷ በሕመምተኛዋ፣ ነጋዴው በሸቀጡ ላይ ቀልባቸውን ቢሰሙ ተገቢ ነው፤ ተፈትነው ታርመዋልና። ስለማናውቀው ሰው፣ ስለ ሌላ ወገን፣ ስለ ሌላ ቋንቋ ተናጋሪ የሚናገር ቀልብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያልታረመ ነው። እንዲያ ያለውን ዝም ማሰኘት ባይቻልም፣ ብቻውን እንዲፈርድ አለመፍቀድ ይቻላል።

ካህነማንም ከስህተቱ ያወጣው ትምህርት ከዚህ አይርቅም። ምልምሎችን መመዘኛ አዲስ መንገድ ሲያዘጋጅ፣ ጠያቂዎቹ ስድስት የተለያዩ ጠባዮችን ከሕይወታቸው ታሪክ እየጠየቁ አንድ በአንድ ነጥብ እንዲሰጡ አዘዘ። ጠያቂዎቹ «ማሽን አደረግኸን» ብለው ሲያጉረመርሙ፣ ሁሉን ከጨረሱ በኋላ ዐይናቸውን ጨፍነው ቀልባቸው ያላቸውን ነጥብ እንዲጨምሩ ፈቀደላቸው። ያ የመጨረሻ ነጥብ ከስድስቱ ድምር ጋር የሚተካከል ጥቅም እንዳለው ተገኘ። ቀድሞ በጥድፊያ ሲናገር የሳተው ቀልብ፣ አስቀድሞ እንዲያዳምጥ ሲደረግ አወቀ። ቀልብን ማሠልጠን ማለት እንግዲህ ማፈን አይደለም፤ ተራውን እንዲጠብቅ ማስተማር ነው።

በኔ ቤት የተደረገው ነገር ትንሽ ነው። የዘበኛው ስልክ ከመኪናው ቁልፍ ጎን ተለጥፏል። በሩ ሲንኳኳ «ማን ነህ?» ከማለት በፊት «ከየትኛው ቤት ነህ? ማን ታመመ?» ብዬ በስዋሂሊ መጠየቅን ከጎረቤት ልጅ ተምሬ፣ ልጁ እየሳቀብኝ፣ ብዙ ጊዜ ጮክ ብዬ ተለማመድሁ። በሕንጻው ውስጥ የማላውቀው ቤተሰብ እንዳይኖር ጥረት አደረግሁ። ስለ አንድ ሰው ቀልቤ ክፉ ሲነግረኝ ደግሞ ቀኑን በማስታወሻዬ ላይ አሰፍራለሁ፤ ከወራት በኋላ ተመልሼ አነባለሁ። ትክክል ሆኜ የተገኘሁበት አለ። የተሳሳትሁበት ግን ከጠበቅሁት በላይ በዝቷል።

ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት በሬ እንደገና ተንኳኳ። ልቤ እንደ ጥንቱ ደነገጠ። ጠየቅሁ፤ መልሱ ጥርት ያለ አልነበረም፤ ለዘበኛው ደወልሁና እሱ ሲመጣ በሩን ከፈትሁ። የቆመው ሰው ፎቅ የተሳሳተ ሰካራም ጎረቤታችን ኖሯል። ደግፈን እስከ ቤቱ አደረስነው። ሚስቱ በሩን ከፍታ ስታየን ምንም አልተናገረችም፤ በማግስቱ ግን ደረጃው ላይ ስንገናኝ ስሜን ጠርታ ሰላም አለችኝ።